ቀብሩ ሳይደርስ የተመለሰው ድሮን

ማስረዳት የሚባል በሽታ አለብኝ። መድኃኒት የለውም፤ ደመወዝ ግን አለው፤ አስተማሪ ነኝ።

አዳማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባጃጅ ተሳፍሬ መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ ስንገፋ፣ ለምን እንደምንገፋ ለሾፌሩ ሳላስረዳ አልወርድም። ሾፌሮቹ ስለሚያውቁኝ እኔን የጫኑ ዕለት በአቋራጭ ያደርሱኛል። የሥራ ባልደረቦቼም ከእኔ ጋር ሲገናኙ ሰማዩን ቀና ብለው አያዩም፤ አንድ ጊዜ ያዩት ሰው ስለ ደመና አፈጣጠር ሰምቶ ነው የሄደው።

እስከ መጨረሻው የሰሙኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ቤት ያከራዩኝ ጋሽ ቶሎሳ። ዕድሜያቸውን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቦይለር ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማታ ማታ ግቢው በር አጠገብ የፕላስቲክ ወንበራቸውን አውጥተው ጋቢ ይደርባሉ። አዳማ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጋቢ። ቦይለር ሥር ለኖረ ሰው የቀረው ዓለም ሁሉ ብርድ ነው ይሉ ነበር። እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ማመንጫዎች ለምን ሦስት ክንፍ እንዳላቸው ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳቸዋለሁ። አያቋርጡኝም። ስጨርስ አንድ ቃል ብቻ ይጠይቁኛል።

«እና?»

ከዩኒቨርሲቲ ፈተና ሁሉ የከበደኝ ይህ ጥያቄ ነው። እስካሁን አንድም ቀን በወጉ አልመለስኩትም። መልሱን ሳስብ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ጋሽ ቶሎሳ ይነሱና የብረቱን በር በገዛ እጃቸው ይዘጋሉ። አምሽቶ የሚያንኳኳ ተከራይ «ከብት እንኳ ሰዓቱን ያውቃል» የምትል ስብከት ሰምቶ ይገባል። በሩን ሌላ ሰው ሲዘጋላቸው አይቼ አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ጋሽ ቶሎሳ ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ቀሩ።

የነበረቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ጫልቱ ትባላለች። አረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። መርዶው በስልክ ተነገራት። አሠሪዋ፣ እነሱ ማዳም የሚሏት፣ ወደ አገር መሄድ አይቻልም አለች። በስንት ልመና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥራ አቁማ ለግማሽ ሰዓት ስልክ እንድትይዝ ፈቀደችላት። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ በላይ ደቂቃ አትጨመርም።

ባለቤታቸው እትዬ በቀለች ከለቀስተኛው መሀል አስጠሩኝ። ድምፃቸው አልቆ ነበር።

«መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ። ልጄ አባቷ አፈር ሲገባ በዓይኗ ትይልኝ። ያላየ ሰው ሲጠብቅ ነው የሚኖረው።»

አደራው ይህ ነበር። ቀላል ነው። የእድራችን ዳኛ ሃምሳ አለቃ ደምሴ፣ በወታደርነት ሸምግለው የተመለሱ፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የማይናገሩ ሰው፣ እዚያው መላውን ነገሩኝ፦ «ሳጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ደውልላትና ስልክህን አዙርላት። አለቀ።»

እኔ ግን አለቀ የተባለ ነገር ላይ ነው የምጀምረው። ቀብር ላይ በስልክ የተቀረጸ ነገር አይተው ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ትከሻና ጃንጥላ ነው የሚታየው። ልጅቷ አራት ዓመት ያላየችውን ሰፈር፣ አባቷ የወጡበትን በር፣ የሸኛቸውን ሕዝብ ማየት አለባት። ከላይ። በድሮን። ሃምሳ አለቃ ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ እኔ ግን ፊት እያየሁ የማስተምር ዓይነት አይደለሁም።

ድሮኑ የብሩክ ነው። ብሩክ ሰርግ የሚቀርጽ ጓደኛዬ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሻሸመኔ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ሰርግ ስለነበረው ድሮኑ አላስፈለገውም። ሲያስረክበኝ ሦስት ነገር አዘዘኝ፦ «ቲቸር፣ ከክፍት ቦታ አስነሳው። ሪሞቱን ሰው እንዳይከልለው። ደግሞ አታስረዳ።» የማብረሪያ ፈቃዱ ለሰርግ የተሰጠ ስለነበረ ወረቀቱን ይዤ ለማስቀየር ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ሐዘኔን አይቶ ብዙ አላስቸገረኝም፤ «ሰርግ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞ ከላዩ «ቀብር» ብሎ ጻፈበትና ማኅተሙን መታበት። ያን ወረቀት ሳየው እስከ ዛሬ ይከፋኛል። የሰው ኑሮ በአንድ ሰረዝ እንዲህ ይገለበጣል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ድሮኑን ታቅፌ ስቀመጥ የጎረቤታችን እማማ አስካለ ቀድመው ጠየቁኝ። ጥቅል ሞልተሃል ወይ፣ ነገ መሀል መንገድ ላይ ቢቋረጥስ አሉኝ። ብሩክ አታስረዳ ብሎኛል። ግን ጥያቄ ተጠየቅኩ። የተጠየቀ አስተማሪና ቁልቁለት የጀመረ ባጃጅ አንድ ናቸው።

ተነስቼ ቆምኩ። ድሮኑ ጥቅል አይፈልግም አልኳቸው፤ ሲም ካርድም የለውም። ድሮኑና ሪሞቱ ሁለቱም ራዲዮዎች ናቸው፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ። ሪሞቱ ውጣ፣ ውረድ፣ ዙር ይለዋል። ድሮኑ ደግሞ የሚያየውን ምስል፣ ያለበትን ከፍታ፣ የቀረውን ባትሪ ይመልስለታል። የሚነጋገሩበት ሞገድ ሆቴል ውስጥ እንደምናገኘው ዋይፋይ ያለ ነው። ያ መንገድ በሰው ሁሉ የተጨናነቀ ስለሆነ ሁለቱ መጀመሪያ ሲተዋወቁ በተስማሙበት ቅደም ተከተል በሰከንድ ውስጥ ደጋግመው መስመር ይቀያይራሉ። ጎረቤት እንዳያያቸው ዛሬ በዚህ ጥግ፣ ነገ በዚያ ጥግ እንደሚገናኙ ፍቅረኞች አስቧቸው አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እማማ አስካለ ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታወሱን።

ቀጠልኩ። ጠላታቸው መከለል ነው። ግንብ፣ ቆርቆሮ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ይጋርዳቸዋል። የሰው አካልም እንዲሁ፤ ሰው አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ ይህን ሞገድ ይጠጣዋል።

«ውኃውስ ዛሬ በዓይናችን አልቋል» አሉ እማማ አስካለ።

በመጨረሻ የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። ሁለቱ ቢጠፋፉስ? ድሮኑ አይወድቅም። ጥቂት ሰከንድ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ድምፅ ካልሰማ ከዛፍና ከጣራ በላይ ከፍ ይልና መጀመሪያ ወደተነሳበት ቦታ ብቻውን ይመለሳል፤ ሲነሳ ቦታውን በሳተላይት መዝግቦታል።

ሃምሳ አለቃ ከጥጉ ቀና አሉ። «ያለ ትእዛዝ?»

ያለ ትእዛዝ አልኳቸው።

«በእኛ ጊዜ ይህ ኮብላይ ይባል ነበር።»

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካህናቱ የቤቱን ጸሎት ጨረሱ። ስልኬን ሪሞቱ ላይ አሰርኩ፤ ጫልቱ ጋር ደወልኩ፤ በስልኬ ላይ የሚታየው ሁሉ እንዲታያት አደረግኩ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ ከድሮኑ እስከ እኔ ያለው የራሱ ራዲዮ ነው፤ ከእኔ እስከ አረብ አገር ያለው ግን የስልክ ኔትወርክ ነው። ሰው ሁሉ የፈራው ለኔትወርኩ ነበር። ኔትወርኩ በዚያን ቀን ደህና ነበረ። እኔ ዋስ የሆንኩለት ነው የበላኝ።

ስሌቴን ከሌሊት ጀምሮ በወረቀት ሠርቻለሁ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዘጠኝ መቶ ሜትር ነው። ሰው በዝግታ ሲራመድ ይህን ያህል ፍጥነት አለው። ሲካፈል አሥራ አምስት ደቂቃ። ከግማሽ ሰዓቱ ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ ለመቃብሩ ይተርፋል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ድሮኑን ግቢው መሀል፣ ከጋሽ ቶሎሳ ወንበር አጠገብ አስቀምጬ አስነሳሁት። ያ የታፈነ የንብ ጩኸት ግቢውን ሞላው። ዞር ስል ሃምሳ አለቃ ደምሴ በሁለት አግዳሚ ወንበሮች መሀል በደረታቸው ተኝተዋል። ባርኔጣቸው አልፎ ተንከባሏል፤ በሁለት እጃቸው ማጅራታቸውን ይዘዋል። ማንም አልሳቀም። ቀስ ብለው ተነሱ፤ የካፖርታቸውን አቧራ አራገፉ።

«ልማድ ነው» አሉ።

እኔም ይህኛው የሰርግ ድሮን እንደሆነ፣ ክብደቱ ከሁለት ብርቱካን እንደማይበልጥ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ድምፁ ነው፣ ልጄ» አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ከሳጥኑ ኋላ ተሰለፉ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብለው አላዩም።

ጫልቱ አባቷ ከቤታቸው በር ሲወጡ አየች። ከስልኩ የመጣው ድምፅ ለቅሶ አይመስልም ነበር፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይመስል ነበር። «አባ… አባ ኮ…» ትላለች፤ አባቴ ማለቷ ነው። ሰፈሩ ከላይ ታያት፤ ቆርቆሮው ጣራ፣ መንገዱ ላይ ጥጋቸውን ይዘው የቆሙት ባጃጆች፣ ነጩ ሕዝብ። ይህን ያህል ተሳክቶልኛል፤ ይመዝገብልኝ።

ሃምሳ ሜትር እንደሄድን ሰልፉ ቆመ።

ካህናቱ አስከሬን ሲሸኙ በመንገድ ላይ ሰባት ጊዜ አስቁመው ጸሎት ያደርሳሉ። ይህን የማያውቅ በሰፈራችን የለም። ልጅ ሆኜ ስንት ቀብር ሸኝቻለሁ፤ እኔም አውቀዋለሁ። ወረቀቴ ላይ ግን አልነበረም። የአማካይ ፍጥነት ጥያቄ ላይ «አካሉ ሰባት ጊዜ ይቆማል» ተብሎ አይሰጥማ። ሁለተኛው ላይ ስንቆም ስምንት ደቂቃ ሄዷል። ሦስተኛው ላይ አሥራ ሦስት። ዜማው በረዘመ ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ፤ ለነፍሳቸው የሚደርሰውን ጸሎት በልቤ ፍጠኑ ስል ራሴን ያዝኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አምስተኛው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስንደርስ፣ እማማ አስካለ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ጫልቱ አለች ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ምላሴን መንከስ ይገባኝ ነበር። አዎ አሁን በቀጥታ እያየችን ነው፣ የምንናገረውንም ትሰማለች አልኩ። ድምፄን እንደ ክፍል ውስጥ ከፍ አድርጌ። ኋላ ያሉት እንዲገባቸው ደገምኩት።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ዋናዋን ሐዘንተኛ አይቶ «እግዜር ያጥናሽ» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ጫልቱ ደግሞ እዚህ አለች ተብሏል፤ እጄ ላይ። እማማ አስካለ ጎንበስ ብለው ከስልኩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆነው እግዜር ያጥናሽ አሏት። ከእሳቸው ኋላ ያሉትም ቀረቡ። ከእነሱም ኋላ ያሉት። አንዷ ልጅነቷን አንስታ አለቀሰችላት፤ አንዱ የወንጂ ባልደረባቸው በኦሮምኛ አጽናናት፤ ሌላዋ ስልኩን ሳመችው። ሃምሳ አለቃ ግፊያውን ሊያስተካክሉ ሰውን በመደዳ አቁመው ዙሪያዬን አስከበቡኝ። ሰው በሰው ላይ ተደረበ። ሪሞቱ ደረቴ ላይ ነው። በየአቅጣጫው ውኃ።

ራቁ፣ ሞገዱን እየጠጣችሁት ነው አልኩ። ለቅሶ ላይ እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥም ሰው ይበልጥ ይቀርባል፤ ሐዘን ያናወዘው ይመስላቸዋላ።

ምስሉ ደረቀ። የመጨረሻው ምስል ከላይ የተነሳው እኛው ራሳችን ነን፤ ነጭ ነጠላና ጋቢ የከበበው አንድ ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ የእኔ ራስ ነው። ከበላያችን ድሮኑ ጥቂት ቆሞ ጠበቀ፤ እንዳልኩት። ከፍ አለ፤ እንዳልኩት። ፊቱን አዞረና ወደ መጣበት ሄደ። ያስተማርኩት ሁሉ በቅደም ተከተል ሲፈጸም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ቆም ብላችሁ ፍረዱኝ። ጫልቱ አሁንም መስመር ላይ ናት። ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቷታል። ስልኩን ከሪሞቱ ነቅዬ ካሜራውን ወደ ሳጥኑ ባዞር፣ ሃምሳ አለቃ እንዳሉት፣ ቢያንስ አባቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያስገቡ ታይ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። አገኘዋለሁ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ አልኳትና ሰዉን ገፍቼ ወጣሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ቦታ ከፍ ያለ ነው፤ ከጀርባው ካለው ድንጋይ ላይ የእኛ ሰፈር ወለል ብሎ ይታያል። እየሮጥኩም ዝም አላልኩም። የአንቴናው ጫፍ ደንቆሮ ነው፣ ጎኑ ነው የሚሰማው እያልኩ ነገርኳት። አባቷ ሲቀበሩ ያላየች ልጅ ስለ አንቴና ተማረች።

ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፤ የአንቴናውን ጎን ወደ ሰፈሩ አዞርኩ። ምስሉ መጣ።

ግቢው ነበር። ድሮኑ በተነሳበት ላይ ቀስ ብሎ እየወረደ ነው። ሰው የለም፤ ንፍሮ የሚቀቅሉት ሴቶች ጓሮ ናቸው። ባዶ ድንኳን፣ የተዘበራረቁ አግዳሚዎች፣ ወዲያ ወለል ብሎ የተከፈተው የብረት በር። ከድሮኑ ሥር የጋሽ ቶሎሳ ወንበር፣ ላዩ ላይ ጋቢያቸው። ድሮኑ ዝቅ ሲል ጋቢው ተነፋ፤ ትከሻው ላይ ሊደርብ እንደሚነሳ ሰው ቀና አለ።

«አባ» አለች ጫልቱ።

እኔ፣ ፈጣሪ ምላሴን ያሳጥረውና፣ የድሮኑ ማራገቢያዎች አየሩን ወደ ታች ሲገፉት ነው ብዬ አስረዳኋት።

«እባክህ ዝም በል፣ ቲቸር።»

ዝም አልኩ። ድሮኑ መሬት ነካ፤ ጋቢው ተመልሶ ወደቀ።  ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር፣ «በሩ ክፍት ነው» አለች። «አባ እንዲህ አይተወውም ነበር።»

ከበስተጀርባዋ በማላውቀው ቋንቋ የሴት ድምፅ መጣ። ከዚያ መስመሩ ተዘጋ። ኔትወርኩ አልነበረም፤ ግማሽ ሰዓቱ ነው። እኔ ቆሜ ከነበርኩበት ከኋላዬ ደግሞ ካህናቱ ስድስተኛውን ጨርሰው ወደ ሰባተኛው እያመሩ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ ከዚያ በኋላ በጸጥታ ተቀበሩ። አፈሩ ሲወርድ በስልኬ ቀረጽኩ። ማታ ልልክላት ስከፍተው ትከሻና ጃንጥላ ነው።

ብሩክ ከሻሸመኔ ሲመለስ ድሮኑን አገላብጦ አየና አንድ ጭረት እንኳ ስላጣበት ተገረመ። ከዚያ ፊቴን አየ። «አስረዳህ፣ አይደል?» አለኝ። ሪሞቱንም አስረከብኩት።

እትዬ በቀለች ለሦስት ቀን አልጠየቁኝም። አለመጠየቃቸው ከመርገም በላይ ከበደኝ። በአራተኛው ቀን ወደ ማታ ባለቤታቸው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ላይ ተቀምጠው ሳገኛቸው እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ። አፌ ግን የሚያውቀውን መንገድ ያዘ።

ድሮኑ ጥሎን የሄደው ከፍቶ አይደለም አልኳቸው። የሚያናግረው ድምፅ ሲጠፋበት ጥቂት ይጠብቃል። ድምፁ ካልመጣ የትም ይሁን የት ዞሮ ወደተነሳበት ቤት ይመለሳል። አሠራሩ ነው።

እትዬ በቀለች እንደ ባለቤታቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጋቢውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። መንገዱን እያዩ ጠየቁኝ።

«እና ልጄስ?»

ኮረብታው ላይ ነፋሱ ማመንጫዎቹን ያዞራል። ከአስፋልቱ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ተነስቼ በሩን ልዘጋ ሄድኩ።